የሰው ልጅ መብት ታሪክ በፖም ሣጥን ውስጥ

በዚህ ዓመት የታሪክ ክበባችን አባላት አንዳንድ ርእስ እየተሰጠን እንድናጠና በታዘዘ ጊዜ፥ ለእኔ የደረሰኝ «የሰው ልጆች መብት ታሪክ በዩኒቨርሲቲ እንዴት ይጠበቃል? እንዴትስ ይማሩታል?» የሚል ነበር። እውነቱን ለመናገር ርእሱን ስሰማ ደስ አላለኝም። ጓደኞቼ የዐድዋ ጦርነትና የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ደርሷቸው ሲደሰቱ፥ እኔ አቧራ እንድጠርግ የተላክሁ መስሎ ተሰማኝ። ዳሩ ግን መምህራችን ባዋሱኝ መጻሕፍት ውስጥ ስለ አንድ የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚነገረውን ባነበብሁ ጊዜ አሳቤ ተለወጠ። በዚያ ዩኒቨርሲቲ መዛግብት ቤት፥ እስረኞች ስለ እግር ኳስ ጨዋታ ሲከራከሩ የጻፉት ቃለ ጉባኤ በክብር ተቀምጦ ይገኛል። የኳስ ክርክር ከሰው ልጆች መብት ጋር ምን ያገናኘዋል? ይህንኑ ለመረዳት ስል ጥናቱን ቀጠልሁ።

የውጭ አገሩን ዘመን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፥ የአገራችንን ደግሞ «ዓ.ም.» እያልሁ በእኛው አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ያስታውስልኝ።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር ያህል፥ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዲሴምበር 10 ቀን 1948 በፓሪስ ከተማ የሰው ልጆች መብት ዓለም አቀፍ መግለጫን አጸደቀ። 48 መንግሥታት ድጋፋቸውን ሰጡ፤ የተቃወመ አልነበረም፤ 8 መንግሥታት ግን ድምፅ ከመስጠት ተቆጠቡ። አገራችን ኢትዮጵያ ከ48ቱ አንዷ ስትሆን፥ ደቡብ አፍሪካ ከ8ቱ አንዷ ነበረች። የተቆጠበችበትም ምክንያት ግልጽ ነው። በዚያው ዓመት በሜይ ወር በተደረገው ምርጫ ሥልጣን የያዘው ብሔራዊ ፓርቲ አፓርታይድ የተባለውን፥ ማለት ሰውን በቆዳው ቀለም ለይቶ የመግዛትን ሥርዓት በሕግ ማቋቋም ጀምሮ ነበር። ሰው ሁሉ እኩል ነው የሚል ወረቀት ላይ እንዴት ይፈርማል?

ይህ ሥርዓት ወደ ዩኒቨርሲቲዎች የደረሰው በ1959 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ስሙ «የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ማስፋፊያ» ይባል ነበር። ስሙን የሚሰማ ሰው ትምህርት የሚያስፋፋ ይመስለዋል፤ ሥራው ግን ጥቁሮችና ክልሶች ቀድሞ ይገቡባቸው ወደ ነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች እንዳይገቡና በየዘራቸው በተለየ ኮሌጅ እንዲታጎሩ ማድረግ ነበር። (ክፉ ሕግ መልካም ስም ሲሰጠው ይህ የመጀመሪያው አይደለም።) ከእነዚህ ኮሌጆች አንዱ ከኬፕ ታውን ከተማ ወጣ ብሎ ቤልቪል በተባለ ስፍራ በ1960 ለክልሶች ተከፈተ። ይህም ዛሬ የዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነው። ከከተማ ርቆ ቁጥቋጦ መካከል በመሠራቱ ሰዎች በንቀት «የጫካ ኮሌጅ» ይሉት ነበር።

መንግሥት ይህን ኮሌጅ የሠራው ታዛዥ ጸሐፊዎችንና መምህራንን እንዲያወጣለት ነበር። ተማሪዎቹ ግን አልታዘዙም። በ1982 ዩኒቨርሲቲው ራሱ የተመሠረተበትን የዘር መለያየት ዓላማ እንደማይቀበለው በይፋ አስታወቀ፤ በ1987 ሬክተር የሆኑት ጄክስ ገርዌልም ዩኒቨርሲቲው ነጻነት ፈላጊዎች የሚያስቡበት ቤት እንዲሆን ደከሙ። እኚህ ሰው በኋላ ኔልሰን ማንዴላ በ1994 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ የጽሕፈት ቤታቸው ዋና ኀላፊ ሆነው አገልግለዋል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ በእነዚያ ዓመታት ታሪክ ያስተማሩበት መንገድ ነው። በመጽሐፍ የታተመው የአገሪቱ ታሪክ ነጮች በመርከብ ከመጡበት ቀን የሚጀምርና የእነርሱን ጀግንነት የሚተርክ ስለ ነበረ፥ መምህራኑ «የሕዝብ ታሪክ» የሚሉትን ትምህርት አቋቋሙ። በዚህም ተማሪው ወደ ቤቱ ተመልሶ አባቱንና እናቱን፥ አያቱንና ጎረቤቱን እየጠየቀ የራሱን ሰፈር ታሪክ እንዲጽፍ ይታዘዛል። ለምሳሌ ያህል፥ በኬፕ ታውን መካከል ዲስትሪክት ሲክስ የሚባል ሰፈር ነበር። መንግሥት በ1966 ሰፈሩን የነጮች ብቻ ነው ብሎ ዐወጀና ከ60 ሺህ የሚበልጡ ነዋሪዎችን እያስነሣ፥ ቤታቸውንም በቡልዶዘር እያፈረሰ፥ ነፋስ ወደሚመታው አሸዋማ ሜዳ አሰፈራቸው። ከዚያ ሰፈር የተፈናቀለ ቤተ ሰብ ልጅ ይህን ታሪክ የሚያነብበት መጽሐፍ በዚያን ጊዜ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። መጽሐፉ እናቱ ነበረች። ታዲያ የእናቱን ቃል ጽፎ ወደ ክፍል ሲያመጣ፥ ቃሉ እንደ ማስረጃ ይመረመራል፤ ከሌላው ተማሪ ወረቀት ጋር ይነጻጸራል፤ የሚጠራጠር ይጠይቃል። ማልቀስ ብቻ ትምህርት አይሆንምና።

በ1990 ማንዴላ ከእስር ሲፈቱና የታገዱት ፓርቲዎች ሲፈቀዱ፥ በየአገሩ ተሰድዶ የነበረው ወረቀትም እንደ ሰዎቹ ወደ አገሩ መመለስ ጀመረ። የዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲም ይህን የሚቀበል ማእከል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከፈተና «ማይቡዬ» ብሎ ሰየመው። ትርጓሜውም «ይመለስ» ማለት ነው። ከገቡት ስብስቦች ትልቁ ከለንደን የመጣው ነው። ባለቤቱ ዓለም አቀፍ የመከላከያና የርዳታ ፈንድ የተባለው ድርጅት ሲሆን፥ መሥራቹ በለንደን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ካህን የነበሩት ጆን ኮሊንስ ናቸው። በ1956 በደቡብ አፍሪካ 156 ሰዎች በአገር ክዳት ተከሰው በታሰሩ ጊዜ ለጠበቃና ለቤተ ሰብ የሚሆን ገንዘብ ሰበሰቡ፤ ሥራቸውም ከዚያ በኋላ እየሰፋ ሄደ። በ1966 መንግሥት ድርጅቱን በአገሩ ውስጥ አገደ። ከእርሱ ገንዘብ መቀበልም ወንጀል ሆነ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የታሪክ ወረቀት እንዴት እንደሚነበብ የገባኝ በዚህ ነውና። ድርጅቱ ከታገደ በኋላ ገንዘቡ በቀጥታ ሊላክ ስለማይችል፥ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ተራ ሰዎች፥ አስተማሪዎችና የቤት እመቤቶች ጭምር፥ በገዛ ስማቸው ለእስረኞች ቤተ ሰብ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ደብዳቤው ስለ ጤና ይጠይቃል፤ ስለ ዝናቡ ያወራል፤ በመጨረሻም ትንሽ ገንዘብ እንደ ወዳጅ ስጦታ አብሮ ይላካል። የታሳሪው ሚስት ወይም እናት ገንዘቡ መድረሱን ጽፋ ትመልሳለች፤ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያና የቤቱን ኪራይ፥ ደሴቱ ድረስ ሄዶ ባልን ለመጠየቅ የሚያስፈልገውን የመንገድ ወጪ ትነግራለች። የድርጅቱ ስም በአንዱም ላይ አይነሣም። ስለዚህ አንድ ተማሪ ደብዳቤውን ብቻ ቢያነብ የሁለት ሴቶች ወዳጅነት ይመስለዋል። ያልተጻፈውን የሚያውቅ ግን ከባድ አደጋ በመካከላቸው እንደ ነበረ ያያል። ድርጅቱ በ1991 ሥራውን ሲዘጋ እነዚህ ወረቀቶች ከፎቶግራፎቹና ከፊልሞቹ ጋር ወደ ማይቡዬ ተሻገሩ።

አሁን ወደ ፖም ሣጥኑ እንምጣ።

ሮበን ደሴት ከኬፕ ታውን ፊት ለፊት በባሕር ውስጥ ያለች ወኅኒ ነበረች። ከ1960ዎቹ ጀምሮ እስከ 1991 ድረስ ነጭ ያልሆኑ ወንድ የፖለቲካ እስረኞች ይታሰሩባት ነበር። ማንዴላ ከ27 የእስር ዓመታቸው 18ቱን ያሳለፉት በዚያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዝቅተኛው መደብ ላይ የተመደበ እስረኛ በ6 ወር አንድ ደብዳቤ ብቻ መጻፍና መቀበል ይፈቀድለት ነበር፤ እርሱም ከ500 ቃል እንዳይበልጥ ተብሎ ይቆጠራል። ምግቡ እንኳ በዘር የተከፋፈለ ሲሆን፥ ለክልሶችና ለሕንዶች ዳቦ ሲሰጥ ለጥቁሮች ይከለከል ነበር። በቀን ድንጋይ መፍለጥ ነው።

እነዚህ ሰዎች ኳስ እንጫወት ብለው ጠየቁ። ተከለከሉ። ደጋግመው ጠየቁ። ከብዙ ጊዜ ጥያቄ በኋላ ሲፈቀድላቸው፥ እንዲያው ኳስ መምታት አልበቃቸውም፤ ሕግ ያለው ማኅበር አቋቋሙ። ስሙንም ማካና የእግር ኳስ ማኅበር አሉት፤ ማካና ከእንግሊዞች ጋር ተዋግቶ በ1819 ወደዚያችው ደሴት የተጋዘ፥ ለማምለጥም ሲሞክር በባሕሩ ውስጥ የሞተ የኮሳ ሕዝብ መሪ ነበረ። ማኅበሩ ቡድኖቹን በ3 ደረጃ አደራጀ። የዓለም አቀፉን የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ደንብ ሕጉ አደረገ። ዳኞቹም ደንቡን አጥንተው ይፈተኑ ነበር። በመጀመሪያ ቡድኖቹ በየፖለቲካ ፓርቲያቸው የተለያዩ ሲሆኑ፥ ማኖንግ የተባለው ቡድን ግን ፓርቲ ሳይለይ ጥሩ ተጫዋች ሁሉ ይግባ አለ። (እኔም ብሆን የማኖንግ ደጋፊ እሆን ነበር።)

ከሁሉ የሚያስደንቀው የጽሑፍ ሥራቸው ነው። በአንድ ግቢ የሚኖሩ፥ በቀን አብረው ድንጋይ የሚፈልጡ ሰዎች ስለ ጨዋታ ጉዳይ ሲጻጻፉ እንደ መሥሪያ ቤት በማዕረግና በቀን ቁጥር ነበር። በ1970 አትላንቲክ ሬይደርስ የተባለ ቡድን ያለ አግባብ ጎል ተቆጠረብን በማለት ተቃውሞውን በሜዳው ላይ ተኝቶ ገለጸ። ከዚያ በኋላ ክስ ቀረበ፤ መልስ ተሰጠ፤ ችሎት ተሰየመ፤ ይግባኝ ተባለ፤ ነገሩም ወራት ፈጀ። ይህን ሳነብ በመጀመሪያ ሣቅሁ። ኋላ ግን ሣቄ ቆመ። እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ የተፈረደባቸው ሰው በእኩልነት በማይታይበት ፍርድ ቤት ነው። ታዲያ በእስር ቤት ውስጥ ሆነው፥ ተከሳሽ የሚሰማበትን፥ ዳኛም በደንብ ብቻ የሚፈርድበትን ሸንጎ ስለ አንዲት ጎል አቋቋሙ። ከታሰሩት አያሌዎቹ በኋላ አገር መርተዋል፤ ቀድመው የተለማመዱት በዚህ ነበር። ማንዴላና በተለየ ክፍል የታሰሩት ጓዶቻቸው ግን በዚህ ጨዋታ እንዲገቡ አልተፈቀደላቸውም።

የስፖርትና የመዝናኛ ኮሚቴዎቹ ቃለ ጉባኤና ደብዳቤ በፖም ሣጥን ውስጥ ተጠራቅሞ ቆየ። የኬፕ አገር ፖም አብቃይ ስለ ሆነ ሣጥኑ እንደ እኛ አገር የቢራ ሣጥን በየቦታው የሚገኝ ነገር ነው። ከጊዜ በኋላ ሣጥኖቹ ወደ ማይቡዬ ገቡ። በ1993 ቹክ ኮር የተባሉ አሜሪካዊ የታሪክ ሊቅ ወደ ዩኒቨርሲቲው በመጡ ጊዜ ወረቀቶቹን አገላብጠው አዩና ብዙ ዓመት ደክመው ከሌላ ጸሐፊ ጋር መጽሐፍ አሳተሙ። በጁላይ 18 ቀን 2007፥ ማንዴላ 89 ዓመት በሞላቸው ዕለት፥ የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን የማካናን ማኅበር የክብር አባሉ አደረገው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥተው ኮልፌ በሚገኘው የፖሊስ ሠራዊት ማሠልጠኛ የጦር ትምህርት እንደ ተማሩ ሁላችንም እናውቃለን። ሲመለሱ የተሰጣቸውን ሽጉጥ ጆሃንስበርግ አጠገብ በአንድ እርሻ ውስጥ ቀብረውት ነበር። ይህን ሽጉጥ ለማግኘት ስንት ዓመት መሬት ተቆፈረ፤ አልተገኘም። ሽጉጥ የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው። የኳስ ቃለ ጉባኤ ለመፈለግ ግን ማንም ዶማ አላነሣም።

ከሽጉጡ ይልቅ የሚያሳዝነው የሌላው ወረቀት ጥፋት ነው። የአፓርታይድ መንግሥት መውደቂያው እንደ ቀረበ ባወቀ ጊዜ መዝገቡን ማቃጠል ጀመረ። የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በ1998 ባወጣው ሪፖርት እንደ ገለጸው፥ በ1993 ከ6 እስከ 8 ወር በሚሆን ጊዜ ውስጥ የብሔራዊው የስለላ መሥሪያ ቤት ዋና ጽሕፈት ቤት ብቻ 44 ቶን ያህል ወረቀትና ማይክሮፊልም አጥፍቷል። በእኛ መለኪያ 440 ኩንታል መሆኑ ነው። 440 ኩንታል ጤፍ ስንት ቤተ ሰብ ስንት ዓመት እንደሚመግብ ማሰብ ይቻላል፤ 440 ኩንታል ወረቀት ግን ስንት ሰው የት እንደ ተወሰደ ይናገር እንደ ነበረ ማሰብ አይቻልም። ደግሞም ሁሉም አልተቃጠለም። ማንዴላ ደብዳቤዎቻቸውን የሚገለብጡባቸው ሁለት ደብተሮች በ1971 ከእስር ክፍላቸው ተወስደው ነበር፤ አንድ የቀድሞ የጸጥታ ፖሊስ በቤቱ ሲጠብቃቸው ኖሮ በ2004 ለባለቤታቸው መለሰላቸው። ወረቀት የሚጠበቀው ሁልጊዜ በወዳጅ እጅ አይደለም።

ዩኒቨርሲቲው ይህን ሁሉ ሰብስቦ ምን ያደርግበታል? በ1998 ከኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲና ከሮበን ደሴት ሙዚየም ጋር ሆኖ የሙዚየምና የቅርስ ጥናት ዲፕሎማ የሚሰጥ ትምህርት ከፈተ። ኋላም የማይቡዬ ስብስብ ከደሴቲቱ ሙዚየም ጋር በአንድነት እንዲጠበቅ ስምምነት ተደረገ። የዚህ ዓይነት ትምህርት ሥራው ተማሪውን ከወረቀቱ ጋር ፊት ለፊት ማገናኘት ነው። መምህሩ «አፓርታይድ ክፉ ነበር» ብሎ ቢያስተምር ተማሪው በፈተና ወረቀት ላይ ጽፎ ይረሳዋል። አንዲት እናት ለማታውቃት ወዳጅ የጻፈችውን ደብዳቤ ሲይዝ ግን፥ ይህን ማን ጻፈው? ለማን? ማን እንዳያነብበት ፈርቶ? ምን ትቶ? ብሎ ለመጠየቅ ይገደዳል። እነዚህን ጥያቄዎች የለመደ ሰው ነገ በጋዜጣ የሚያነብበውንም እንዲሁ መጠየቁ አይቀርም፤ ክፉ መንግሥት የታሪክ ተማሪን የሚፈራው ለዚህ ይመስለኛል።

ስለ አጠባበቁም ጥቂት ልናገር። ርካሽ ወረቀት በውስጡ አሲድ ስላለበት ማንም ሳይነካው ራሱን እየበላ ይደርቃል፤ ብርሃንና እርጥበት ሲያገኘው ይፈጥናል። ስለዚህ ከፖም ሣጥን አውጥቶ አሲድ በሌለው ካርቶን ውስጥ ማኖር፥ ቀዝቀዝና ደረቅ ባለ ክፍል ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የሚያያይዘው የብረት ሽቦ ስለሚዝግ ይነቀላል። አንባቢ በእርሳስ እንጂ በቀለም አይጽፍም። ወረቀቶቹም ባለቤቱ በተዋቸው ቅደም ተከተል ይጠበቃሉ፤ ቅደም ተከተሉ ራሱ ይመሰክራልና። ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ እሳት አለ። በኤፕሪል 18 ቀን 2021 ከተራራ የተነሣ ቃጠሎ የጎረቤቱን የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የጃገር ቤተ መጻሕፍት ንባብ ክፍል በላው፤ ስለ አፍሪካ የተሰበሰቡ 70 ሺህ ያህል የታተሙ ሥራዎች ጠፉ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የፈቃድ ጉዳይ ነው። እናቲቱ ስለ ልጇ ሕመምና ስለ ቤቷ ችግር ስትጽፍ ተማሪ በክፍል ውስጥ ያነብበዋል ብላ አይደለም። ታሪክ እንዲታወቅ መፈለግና የሰውን ጓዳ መክፈት አንድ አይደሉም። በእኔ አስተያየት ዩኒቨርሲቲ ስሟን ሸፍኖ ማስነበብ ይገባዋል፤ አንዳንድ ጓደኞቼ ግን ስሟን መሸፈን ጀግንነቷን መሸፈን ነው ብለው ተከራክረውኛል። በክበባችን ሳንስማማ ነው የተለያየነው። ሌላም ጉድለት አለ። ደሴቲቱ የወንዶች እስር ቤት ስለ ነበረች የፖም ሣጥኑ የሚናገረው የወንዶችን ነገር ነው፤ የሴቶቹን ድምፅ የሚሰማ ሰው ወደ ለንደኑ ደብዳቤዎች መሄድ አለበት። አንድ ስብስብ ብቻውን አገር አይሆንም።

ይህን አጥንቼ ስጨርስ ነገሩን ከአገራችን ጋር ማነጻጸሬ አልቀረም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ በየከተማው ስንት ወጣት እንደ ተገደለ አባቶቻችን ያውቃሉ። በ1984 ዓ.ም. የልዩ ዓቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. የደርግ ባለ ሥልጣኖች ክስ መሰማት ጀመረ፤ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኞች ተብለው ተፈረደባቸው። ለፍርዱ ትልቅ ረዳት የሆነው የደርግ መንግሥት ራሱ የጻፋቸው ትእዛዞችና ቃለ ጉባኤዎች ናቸው። ደርግ ጽፎ አኑሯል። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም ለተመልካች ክፍት ሆኖ የሟቾችን ፎቶግራፍ አሳይቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የሰው ልጆች መብት ትምህርት በማስተርስ ደረጃ ይሰጣል። እንግዲህ ልዩነቱን ተመልከቱ። በደቡብ አፍሪካ ገዢው አቃጠለ፤ እስረኛው አኖረ። በእኛ አገር ገዢው አኖረ፤ ቤተ ሰብ አቃጠለ። ስለዚህ የእኛ መዛግብት በብዛት የሚናገሩት በአሳሪው አንደበት ነው፤ የታሰረው ልጅ በገዛ እጁ የጻፈው ግን በየምድጃው ዐመድ ሆኗል።

ይህን ለመምህራችን ብነግራቸው «እንግዲያስ ቤትሽ ያለውን ጠይቂ» አሉኝ።

አያቴ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። ታላቁ ልጃቸው፥ ማለት እኔ ያላየሁት አጎቴ፥ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለ በ1970 ዓ.ም. ከቤት እንደ ወጣ አልተመለሰም። በቤታችን ስለ እርሱ ብዙ አይወራም። አንድ እሑድ ቡና እየፈላ ደፍሬ ጠየቅኋቸው። ቤት ለቤት አሰሳ በሚደረግበት ሰሞን ሌሊት ምድጃ አንድደው ወረቀቱን ሁሉ እንዳቃጠሉ ነገሩኝ። ጭሱ ጎረቤት እንዳያስነሣ ብለው ምጣድ ጥደው፥ እንጀራ የሚጋግሩ መስለው ነበር። «በሌሊት ማን ይጋግራል? እሱንም አላሰብኩ» አሉ።

«እምዬ፥ ያቃጠሉት ምን ምን ነበር?» አልኋቸው።

«ምን አውቄ ልጄ! ፊደል አልቆጠርኩ፤ ለእኔ ሁሉም አንድ ነው። የሚያስገድለውን ከማያስገድለው ማን ይለይልኛል? ጎረቤት አስነብቤ እንዳልጠይቅ፥ እሱም ይፈራል፤ እኔም እሱን እፈራለሁ። ደብተር ነው፤ ደብዳቤ ነው፤ ሁሉንም አንድ ላይ።» ቡናውን ከጀበና እየቀዱ ጥቂት ዝም አሉና «አንዱ ደብተር ትንንሽ ሳጥን ሳጥን የተሰመረበት ነበር» አሉኝ።

ያ የሒሳብ ደብተር ነው። ልንገራቸው ወይስ ልተው ብዬ አመነታሁ፤ ነገርኋቸው።

«ሒሳብ?» አሉ። ሁለተኛ ቡና እስኪቀርብ ድረስ ሌላ ነገር አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ ተነሥተው ከሣጥናቸው ውስጥ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የአጎቴ የ10ኛ ክፍል የውጤት ካርድ ነው። ፎቶግራፉ ስለ ተለጠፈበት እርሱን ማቃጠል እንዳልሆነላቸው ነገሩኝ። ከግራ በኩል የትምህርቱ ዓይነት ተጽፏል፤ ከቀኝ በኩል ማርኩ። ለሒሳብ 81 አግኝቷል።

የነገሩኝን ጻፍሁና አነበብሁላቸው፤ ሁለት ቦታ ላይ አረሙኝ። ስሙ በመጽሔት ላይ እንዲወጣ ይፈቅዱ እንደ ሆነ ስጠይቃቸው «ይቆይ» አሉኝ፤ ስለዚህ አልጻፍሁትም። ጽሑፉን በሁለት ቅጂ አዘጋጅቼዋለሁ። አንዱ በታሪክ ክበባችን መደርደሪያ፥ በካርቶን ውስጥ፥ ሽቦ ሳይያዝ ተቀምጧል። ሁለተኛውን አያቴ ከውጤት ካርዱ ጋር በነጠላው ጠቅልለው ወደ ሣጥናቸው መልሰውታል።